ሻምፒዮን የሚኮነው እንዴት ነው?

ዛሬ በስፖርት ዓምዳችን የሊግ ዋንጫ እንዴት እንደሚገኝ አስረዳችኋለሁ። ምሳሌ የማደርገው የጎንደሩን ፋሲል ከነማን ነው።

በ2013 ዓ.ም በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የተወዳደሩት 13 ክለቦች ነበሩ። አንድ ክለብ ከሌሎቹ 12 ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ይጫወታል። 12 × 2 = 24 ጨዋታ ማለት ነው። ያሸነፈ 3 ነጥብ፣ አቻ የወጣ 1 ነጥብ ያገኛል፤ የተሸነፈ ምንም የለውም። 13 ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ በየሳምንቱ አንድ ክለብ ያርፋል።

ያን ዓመት በኮሮና ምክንያት ጨዋታው በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ብቻ ነበር። ስለዚህ አጼዎቹ ጎንደር ላይ በራሳቸው ሜዳ አልተጫወቱም። ግን በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመሩ ጨዋታ እየቀራቸው ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሉ!

ኮከብ ግብ አግቢው ግን የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነው፤ 29 ግብ አገባ። ታዲያ ቡና ለምን ዋንጫ አልበላም? ሊግ ላይ አንድ ጎበዝ ልጅ ብቻውን አይበቃማ! የሚቆጠረው ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ የሰበሰበው ነጥብ ነው።

የእኛ የክፍል ለክፍል ውድድር ግን ጥሎ ማለፍ ነው። አንድ ቀን የተሸነፈ ክፍል በቃ፣ ዳር ቆሞ ያያል። 7ኛ ሀ፣ 7ኛ ለ፣ 8ኛ ሀና 8ኛ ለ በሊግ ብንጫወት ጠቅላላው 6 ጨዋታ ብቻ ነው። በየዓርቡ አንድ ብንጫወት በ6 ሳምንት ያልቃል፤ ሁሉም ክፍል 3 ጊዜ ይጫወታል። የስፖርት መምህራችን ቢያስቡበት ደስ ይለናል።