የጎድን አጥንቱን አትጣሉት!

እስቲ ስሙኝማ፣ ሐኪሞች የአከርካሪ ቲቢን እንዴት በቀዶ ጥገና እንደሚያክሙ አሁን ገና ገባኝ፤ ለእናንተ ሳልነግር አላድርም!

የቲቢ ተሕዋስ ከሳንባ ተነሥቶ በደም በኩል አከርካሪ ላይ ሊያርፍ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ደግሞ ሸክማችንን የሚችለውን፣ ከፊት በኩል ያለውን ወፍራሙን የአጥንት ክፍል ነው። በላይ በላዩ የተደረደረ ብሎኬት አስቡ። የሁለቱ የፊት ክፍል ተቦርቡሮ ጀርባቸው ደህና ቢሆን የላይኛው ወዴት ያዘማል? ወደ ፊት! ሰው የሚጎብጠው ለዚህ ነው። ከፊተኛው ወፍራም የአጥንት ክፍል ኋላ ህብለ ሰረሰር አለ፤ መግሉና የአጥንቱ ስብርባሪ ሲጫነው እግር ይሰንፋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት ይህን እ.ኤ.አ. በ1779 ስለጻፈ በሽታው ዛሬም በስሙ ይጠራል።

በ1911 ኒውዮርክ ውስጥ ሂብስና አልቢ የተባሉ ሐኪሞች በጀርባ ገብተው አጥንቶቹን እርስ በርስ አያያዙ። ግን እኮ መግሉ ያለው ከፊት ነው! ታዲያ ለምን በፊት አልገቡም? የቲቢ መድኃኒት ሳይኖር ያንን ቦታ መክፈት በሽተኛውን ለባሰ አደጋ ማጋለጥ ነበር። በ1943 ስትሬፕቶማይሲን ተገኘና ነገሩ ተለወጠ። በ1956 ሆጅሰንና ስቶክ የተባሉ ሐኪሞች በሆንግ ኮንግ በፊት በኩል ገብተው የሠሩትን ቀዶ ጥገና አሳተሙ።

አሁን ልብ በሉ። በደረት ለመግባት አንድ የጎድን አጥንት ተቆርጦ ይወጣል። ሳንባው በቀስታ ገለል ይደረጋል። መግሉና የሞተው አጥንት ይጠረጋል፤ መጥረጉ የሚቆመው ደም የሚያዥ ጤነኛ አጥንት ሲታይ ነው። ህብለ ሰረሰሩም ከጫናው ይገላገላል። ግን መሃል ላይ ክፍተት ቀረ፤ በምን ይሞላ?

በዚያው በወጣው የጎድን አጥንት! በልክ ተቆርጦ ከላይኛውና ከታችኛው አጥንት መሃል ይሰካል። መንገድ የዘጋው አጥንት ራሱ ድጋፍ ሆነ! ይህ ሲገባኝ ከወንበሬ ነው የተነሣሁት። የራሱ አጥንት ስለሆነ ሰውነቱ እንግዳ ነህ አይለውም፤ በወራት ውስጥ ከላይም ከታችም ይገጥማል።

ታዲያ ሁሉም በሽተኛ ቢላዋ አያስፈልገውም። በኮሪያ የተደረጉ ጥናቶች ብዙዎች እየተንቀሳቀሱ በመድኃኒት ብቻ እንደሚድኑ አሳይተዋል። ቀዶ ጥገናው የሚደረገው በተለይ እግር እየሰነፈ ሲሄድ፣ ጉብጠቱ ሲብስ ወይም አከርካሪው መቆም ሲያቅተው ነው፤ ያኔም ቢሆን ተሕዋሱን የሚገድለው ኪኒኑ ስለሆነ ለወራት ይዋጣል። ዛሬ ብዙ ጊዜ ከጀርባ በኩል የብረት ብሎንና ዘንግ ይታሰራል፤ የተተከለው አጥንት እስኪገጥም ሸክሙን ብረቱ ይችልለታል።