ከቃኘው ዘማች ወደ አዲስ ከተማ የመጡ ደብዳቤዎች

በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶቻችን። የዚህም ምሳሌ እውነትነት ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ልጅዋን በጦር ሜዳ ባጣች እናት ቤት ነው።

በመርካቶ፤ ይኸውም በጣሊያን ወረራ ዘመን የአራዳ ጊዮርጊስ ገበያ ተነሥቶ በተተከለበት ስፍራ፤ አሮጌ ወረቀት እየተሸጠ በርበሬና ቅመም ይጠቀለልበታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ ከተማ ያለው የአያቴ ቤት ሲለቀቅ፤ ወረቀት የሞላበት አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ለቁራሌው ተሰጥቶ ከደጅ ወጣ። እናቴ ይህን ባዩ ጊዜ ከዘራቸውን ይዘው እስከ መንገዱ ተከትለው አስመለሱት። በሣጥኑ ውስጥ ወንድማቸው ከኮርያ የላካቸው ሰባት ደብዳቤዎች ነበሩ።

አጎቴ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. በልዑል ራስ መኰንን ፈረስ ስም ቃኘው ከተባለው ከመጀመሪያው ሻለቃ ጦር ጋር ተነሥቶ፤ እስከ ጅቡቲ በባቡር፤ ከዚያም እስከ ቡሳን ወደብ በመርከብ ሄደ። ዕድሜው 22 ዓመት ነበር።

አያቴ ማንበብ አይችሉም ነበርና ደብዳቤ በመጣ ቁጥር በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል አንድ ዲያቆን ተጠርቶ ያነብላቸው ነበር። ልጁ አስቀድሞ የጎረቤቱን ሁሉ ስም እየጠራ ሰላምታ ያቀርባል። ቀጥሎም ባሕሩ ስፋቱ የሚያስደንቅ መሆኑን፤ ብርዱም ከእንጦጦ ብርድ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ መሆኑን ይገልጻል። በመጨረሻም ታናሽ እኅቱ፤ ማለት እናቴ፤ ተማሪ ቤት እንድትገባ ይለምናል። ይህን ልመና ከሰባቱ ደብዳቤዎች በአንዱም አልተወውም።

በ1944 ዓ.ም. መሞቱ ተነገረ። ሰባተኛው ደብዳቤ የደረሰው ለቅሶው ከተደረገ በኋላ ነው። አያቴም ዲያቆኑን አስጠርተው እንደ ወትሮው አስነበቡት፤ በማግሥቱም የ8 ዓመት ልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ተማሪ ቤት ወሰዱ። ሴት ልጅ ተምራ ምን ትሆናለች ያሏቸው ዘመዶች ብዙ ነበሩ፤ እርሳቸው ግን የሟች ቃል ነው ብለው አልሰሙም።

እናቴ ፊደል ለይተው ማንበብ በጀመሩ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ንባቦቻቸው አንዱ የወንድማቸው ደብዳቤ ሆነ። በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ በደቃቃ ጽሕፈት ለአንባቢው የተጻፈ ቃል አገኙ። በዚያም ልጁ ከእናቱ የሰወረውን ሁሉ፤ ጓደኞቹ መቁሰላቸውን፤ ሌሊት በጥበቃ ላይ ሳለ ጣቶቹ መደንዘዛቸውን፤ አልመለስ ይሆናል ብሎ መሥጋቱን ጽፎ፤ ይህን ለእናቴ አታንብብላቸው በማለት ዲያቆኑን ይማጸናል። እናቴ በልጅነት የዋህነት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። አያቴም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፤ ዲያቆኑ በየደብዳቤው መጨረሻ ትንፋሹን ሲሰበስብ አይ ነበርና የቀረ ነገር እንዳለ አውቄአለሁ አሉ።

የኮርያ ጦርነት ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በተኩስ ማቆም ስምምነት ሲገታ፤ ከ120 የማያንሱ የኢትዮጵያ ወታደሮች ሞተው ከ500 በላይ ቆስለው ነበር፤ ከቃኘው አንድ ስንኳ አልተማረከም። የሞቱት ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። በኮርያም ምድር በቹንቾን ከተማ በ1960 ዓ.ም. ሐውልት ተሠርቶላቸዋል።

በሐውልት ላይ የሚጻፈው ስምና ዘመን ነው። አንድ የ22 ዓመት ወጣት በባዕድ ተራራ ላይ በብርድ ተይዞ ሳለ እናቱ እንዳትጨነቅ መሥጋቱን፤ እኅቱም እንዳትሃይም ማሰቡን የምናውቀው ግን ለቁራሌው ተሰጥቶ ከነበረው ሣጥን ነው። እናቴም ተምረው፤ ቆይተውም አስተማሪ ሆነው፤ የሌላውን ሰው ልጆች ፊደል አስቈጥረዋል።

ስለዚህ፤ ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ በየቤታችሁ ያለውን አሮጌ ሣጥን ሳትመረምሩ ከደጅ አታውጡ። የዘማች ደብዳቤ ቢገኝ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ አንብቡላቸው፤ ግርጌውንም ሳትመለከቱ አትጠፉት።