የሆድ ውስጥ ደም ሥሮች የአልትራሳውንድ ምርመራ፦ ምንነቱና የሚያስፈልገው ዝግጅት

ከሐሮ ወንጪ ዙሪያ ቀበሌዎች ለሕክምና ወደ አምቦ ከተማ የሚመጣ ታካሚ የሥራ ቀኑን ትቶ፣ የመጓጓዣ ወጪውን ከፍሎ ነው። ሆዱ በምግብና በአየር ተሞልቶ ከደረሰ ግን ምርመራው ሳይሳካ ለሌላ ቀን ሊቀጠር ይችላል። ይህ ማብራሪያ እንዲህ ያለውን ምልልስ ለማስቀረት የተዘጋጀ ነው።

ምርመራው ምንድን ነው?

አልትራሳውንድ በሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ ወደ ሰውነት ልኮ፣ ነጥሮ የሚመለሰውን ወደ ምስል የሚቀይር መሣሪያ ነው። ጨረር ስለማይጠቀም ለነፍሰ ጡሮችም ያገለግላል። ዶፕለር የተባለው የምርመራው ክፍል ደግሞ ደም በየትኛው አቅጣጫና በምን ያህል ፍጥነት እንደሚፈስ ያሳያል። መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ክላክስ እያሰማ የሚቀርብ መኪና ድምፁ ቀጠን፣ አልፎ ሲርቅ ደግሞ ወፈር ብሎ ይሰማዋል። ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ያስረዳው ይህንኑ የሞገድ ጠባይ ነው። በምስሉ ላይ የሚታዩት ቀይና ሰማያዊ ቀለሞች የደሙን አቅጣጫ እንጂ በሽታን አያመለክቱም።

ለምን ይታዘዛል?

ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመጣውን ደም ወደ ጉበት የሚያስገባው ፖርታል የተባለው ደም መልስ ነው። ጉበት በሄፓታይተስ ቢ፣ በቢልሃርዚያ ወይም በሌላ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ተጎድቶ ጠባሳ ሲይዝ ደሙ መተላለፊያ ያጣል፤ በደም ሥሩ ውስጥ ያለው ግፊትም ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ጣፊያ ያብጣል፤ በጉሮሮ ቧንቧና በጨጓራ ያሉ ደም ሥሮችም ተወጥረው ሊፈነዱ ይችላሉ። የፖርታል ደም መልስ ስፋት ከ13 ሚሊሜትር በላይ መሆኑ፣ የደሙ ፍሰት መዘግየቱ ወይም ወደ ኋላ መመለሱ ይህን አደጋ አስቀድሞ ይጠቁማል። ምርመራው በተጨማሪ ዋናው ደም ቅዳ አኦርታ መስፋቱን፣ የኩላሊት ደም ቅዳዎች መጥበባቸውንና በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም መኖሩን ለማወቅ ይረዳል።

ከምርመራው በፊት

• ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምግብ አይመገቡ። ከሩቅ ከመጡም ቁርስዎን ከምርመራው በኋላ ያድርጉ።
• አምቦ ውሃንና ሌሎች ጋዝ ያላቸውን መጠጦች አይጠጡ። ድምፁ አየርን አልፎ ስለማይሄድ፣ ከአየሩ በስተጀርባ ያሉት ደም ሥሮች አይታዩም።
• በዋዜማው ባቄላ፣ አተርና ሽምብራን የመሳሰሉ ሆድ የሚነፉ ምግቦችን ይቀንሱ። ማስቲካ ከማኘክና ሲጋራ ከማጨስም ይቆጠቡ።
• በሐኪም የታዘዘልዎትን መድኃኒት በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ፤ በጥቂት ንጹሕ ውሃ ይውሰዱ።
• የስኳር ሕመም ካለብዎ ቀጠሮ ሲይዙ ያሳውቁ፤ ጠዋት ቀድመው እንዲስተናገዱ ይጠይቁ።
• የሪፈራል ወረቀትዎን፣ የጤና መድኅን መታወቂያዎንና የቀድሞ ውጤቶችዎን ይያዙ። ከመነሳትዎ በፊት የዶፕለር አገልግሎቱ በዕለቱ መኖሩን በላከዎ ጤና ጣቢያ በኩል ያረጋግጡ።

በምርመራው ጊዜ

ባለሙያው ሆድዎን ጄል ቀብቶ መሣሪያውን ያንሸራትታል፤ አልፎ አልፎም ትንፋሽዎን እንዲይዙ ይጠይቅዎታል። ምርመራው አያምም። ውጤቱን ላዘዘልዎ ሐኪም ያሳዩ፤ እንደ አስፈላጊነቱ የጨጓራ ኢንዶስኮፒ ወይም የሲቲ ስካን ምርመራ ሊያዝልዎ ይችላል።

ማሳሰቢያ፦ ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዓይነ ምድር፣ ራስን መሳት ወይም ድንገተኛ ከባድ የሆድ ሕመም ካጋጠመ ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ለዝግጅትም ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ሆስፒታል ወዲያውኑ ይሂዱ።