ስለ ቤት የድምፅ መሣሪያና ስለ ኤሌክትሪክ ማስተካከያው

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተማ በብዙ ቤት ራዲዮን ወይም ቴፕ ከነድምፅ ማጉያው ተቀምጦ ይታያል። አባት ወሬ ይሰሙበታል፤ እናት መዝሙር፤ ልጆችም ዘፈን ይሰሙበታል። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ከበቆሎው ወይም ከበርበሬው ሽያጭ ተቆጥቦ የሚገዛ ነው። ይህን ያህል የተደከመበት ዕቃ መብራት ጠፍቶ በመጣ በአንድ ቅጽበት ሊቃጠል ስለሚችል፤ በገበያ ስታብላይዘር የሚባለውን ማስተካከያ እንዴት እንደሚያገናኙት ማወቅ ለቤተ ሰብ ሁሉ ያስፈልጋል።

በአገራችን ወደ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ የአገሪቱ ኃይል ቢበዛም፤ ከትራንስፎርመር ርቆ በቀጭን ሽቦ መጨረሻ ለሚኖር ሰው ቮልቱ በመንገድ ላይ ይቀንስበታል። የወፍጮ ሞተር ሲነሣ የጎረቤት አምፑል የሚደበዝዘው ስለዚህ ነው። በቤት ውስጥ ደግሞ የእንጀራ ምጣድ አለ፤ እርሱ ብቻውን 3,500 ዋት ያህል ስለሚበላ ከቆጣሪው የራሱ መስመር ሊሳብለት ይገባል። ምጣድን ለቴፕ በተገዛ ስታብላይዘር ላይ መሰካትማ ፈጽሞ አይሆንም። ከሁሉ የከፋው ግን የዋናው መስመር ኒውትራል ሽቦ ሲበጠስ ነው፤ ያን ጊዜ ለ220 በተሠራው ዕቃ ላይ ወደ 380 የሚጠጋ ቮልት ሊወርድበት ይችላል።

ስታብላይዘር በሆዱ ትራንስፎርመር አለው፤ ቮልቱ ሲያንስ ከፍ፤ ሲበዛም ዝቅ ያደርገዋል። ነገር ግን ኃይልን አይፈጥርም። 500 ዋት የሚበላ መሣሪያ በ220 ቮልት 2.3 አምፔር ያህል ሲስብ፤ የግድግዳው ቮልት ወደ 150 ቢወርድ ስታብላይዘሩ ከ3.3 አምፔር በላይ ይስባል፤ ሽቦውም ይግላል። ስለዚህ ሻጩ «ይበቃል» ቢልም የመሣሪያዎቹን ዋት እጥፍ የሚችለውን መግዛት ይሻላል። ከበሮው በሚመታበት ጊዜ ማጉያው ድንገት ብዙ ኃይል ይፈልጋልና፤ ትንሹ ስታብላይዘር ያን ጊዜ ይደክማል።

አገናኙም እንዲህ ነው። ስታብላይዘሩ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ይሰካል፤ ከእርሱ ቀጥሎ የመስመሩን ጫጫታ የሚያጣራ ማጣሪያ ይገባል፤ ከዚያም ማጉያው፤ ቴፑና ቴሌቪዥኑ ሁሉ ከማጣሪያው ይሰካሉ። ዲቫይደርን በዲቫይደር ላይ መቀጠል እሳት መጥራት ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ማስተካከያውን ያስቀድም፤ ዕቃ የሚያቃጥለው ጫጫታው ሳይሆን የቮልቱ መውጣትና መውረድ ነውና።

ቴሌቪዥኑ ከአንዱ ግድግዳ፤ ማጉያው ከሌላው ቢሰካ እንደ ቀፎ ንብ እምም የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል፤ ሁሉንም ከአንድ ቦታ ሲሰኩት ብዙ ጊዜ ይተዋል። አንዳንድ ሰው ይህን ድምፅ ለማጥፋት የምድሩን ሽቦ ይቆርጣል፤ ይህ ግን ነፍስን በዘፈን መለወጥ ነው። ሽቦው የተቀመጠው ኤሌክትሪክ ወደ ዕቃው ቆርቆሮ ባመለጠ ጊዜ የነካውን ልጅ እንዳይገድል ነው።

መብራት ሲጠፋ ማጉያውን ማጥፋት፤ ተመልሶ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይገባል። በክረምት ነጐድጓድ ሲሰማ ግን ከስታብላይዘሩ ጀምሮ ሁሉን መንቀል ነው፤ መብረቅን የሚመልስ ስታብላይዘር የለም።

መስመር ባልደረሰበት በገጠሩ ራዲዮኑ በፀሐይ ኃይል ይሠራል። በዚያ ማስተካከያው በፀሐይ ሰሌዳውና በባትሪው መካከል የምትገባው ትንሽ ሳጥን ናት። ሲያገናኙ አስቀድሞ ባትሪውን፤ ኋላ ሰሌዳውን ነው፤ ሲፈቱም አስቀድሞ ሰሌዳውን። ራዲዮኑም 12 ቮልት የሚቀበል ከሆነ ኢንቨርተር ሳይጨመር በቀጥታ ይሠራል፤ ርካሽ ኢንቨርተር ራሱ በራዲዮኑ ውስጥ ጫጫታ ያገባልና።