የሻይና የቡና ስደት

በአዲስ አበባ፥ በቂርቆስም ሆነ በካዛንቺስ፥ እንግዳ ሲመጣ «ሻይ ይሁን ወይስ ቡና?» ተብሎ ይጠየቃል። ሁለቱ ተክሎች ከየአገራቸው እንዴት እንደ ወጡ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው።

ሻይ የቻይና ተክል ነው። የቻይና መንግሥት ፈረንጆች ከተፈቀዱላቸው የወደብ ከተሞች አልፈው ወደ መሐል አገር እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1848 ዓ.ም. የእንግሊዞች የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሮበርት ፎርቹን የተባለውን የስኮትላንድ አትክልተኛ ላከ። እርሱም ግንባሩን ተላጭቶ፥ ከኋላው የጠጉር ጉንጉን አስቀጥሎ፥ የቻይና ልብስ ለብሶ ወደ ሻይ ተራሮች ገባ። ዘሩንና ችግኙን በመስተዋት ሣጥን አድርጎ ወደ ሕንድ አሻገረ። በ1851 ቅጠሉን አጠውልጎ በእሳት ማድረቅ የሚያውቁ ቻይናውያንን ይዞ ሄደ፤ ያለ እነርሱ ጥበብ ችግኙ ብቻውን ብዙ ባልረባ ነበር።

የቡና ነገር ለኢትዮጵያ ይበልጥ የቀረበ ነው። ቡና በከፋና በአካባቢው ደን ሰው ሳይተክለው የሚበቅል ዛፍ ነው። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ገባ፤ ነጋዴዎችም ከሞካ ወደብ ይሸጡት ጀመር። ዘሩ በሌላ አገር እንዳይበቅል ይጠነቀቁ ነበር ይባላል። ይሁን እንጂ ባባ ቡዳን የተባለ እስላም ከሐጅ ሲመለስ ሰባት ፍሬ ደብቆ እንደ ወሰደ ሕንዶች ይተርካሉ። ሆላንዶችም በ1699 በጃቫ ደሴት ተከሉት፤ በ1706 ከጃቫ አንድ ተክል ወደ አምስተርዳም ተላከ፤ በ1714 ለፈረንሳይ ንጉሥ ለ14ኛው ሉዊ አንድ ችግኝ ተሰጠ። በ1723 ገደማ ደ ክሊዮ የተባለ ፈረንሳዊ መኮንን ችግኝ ይዞ ወደ ማርቲኒክ ሲጓዝ በመርከቡ ውሃ አነሰ፤ እርሱም ራሱ እየተጠማ ከድርሻው አጠጣው። በ1727 ፓልሄታ ዘሩን ከፈረንሳይ ጊያና ወደ ብራዚል አገባ። የገዢው ሚስት በአበባ እቅፍ ሸሽጋ ሰጠችው የሚለው ወሬ ተረት ሳይሆን አይቀርም። በእነዚያ አገሮች ቡናውን የተከሉትና የለቀሙት ግን ከአፍሪካ በግፍ የተጋዙ ባሮች ነበሩ፤ የአፍሪካ ዛፍ በባዕድ ምድር በአፍሪካ ልጆች ላብ ለማ።

ከጥቂት ዛፎች ስለ ተራባ የአሜሪካ ቡና የቅርብ ዘመድ ነው፤ አንዱን የያዘ በሽታ ሌላውን አይምርም። በ1869 በሴይሎን ደሴት የቅጠል ዝገት የሚባል በሽታ ታየ፤ ከጊዜ በኋላም የቡናው እርሻ ጠፋ፤ ባለ እርሻዎቹ በፋንታው ሻይ ተከሉ። ዝገቱ በ1970 ብራዚል ደረሰ። ከዚያ በፊት በ1964 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ሊቃውንት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከደኑ ልዩ ልዩ የቡና ዘር ሰብስበው ነበር። በ1976ም የአገሪቱ የአዝርዕት ዘር የሚጠበቅበት ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ። የቡና ፍሬ ግን እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ ተቀምጦ ብዙ ዘመን ስለማይቆይ፥ ዛፉ ራሱ በጅማ በኩል በጮጬ ተተክሎ ይጠበቃል።