ትከሻዎን ልብ ብለውታል?

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል የሠራ ሰው ሰኔን ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ያልተወራረደ ሰነድ፣ ያልተከፈለ ሒሳብና «ዛሬውኑ ይድረስ» የሚል የአለቃ ስልክ ይደራረባል። ያን ሰሞን ሒሳብ ሠራተኛዋን «እንዴት ነሽ?» ቢሏት «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ትከሻዋ ግን ወደ ጆሮዋ ተሰብስቧል፤ ጥርሷን ነክሳለች፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅታ ጣራ ጣራ ታያለች።

ውጥረት በራሱ በሽታ አይደለም። አንጎል አደጋ መጣ ብሎ ሲያስብ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ጅብ ለመጣበት ሰው ጥሩ ዝግጅት ነው። ሰውነት ግን ጅብንና የአለቃን ስልክ እምብዛም አይለይም፤ ስልኩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል።

በሞንትሪያል ይመራመር የነበረው ሐኪም ሀንስ ሴልዬ በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የጉዳታቸው ዓይነት የተለያየ አይጦች ተመሳሳይ ምልክት እንዳሳዩ ገለጸ፦ የአድሬናል ዕጢያቸው አብጦ፣ ጨጓራቸው ቆስሎ ነበር። እኛም ጋ ብዙ ሰው ጭንቀቱን የሚያውቀው በጨጓራው ነው። ይሁንና የሰው የጨጓራ ቁስለት በአብዛኛው የሚመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከተባለ ባክቴሪያ ወይም ከአንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች ነውና ቃጠሎው ከተደጋገመ «ጭንቀት ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ መመርመር ይሻላል።

እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ምልክት ግን ለውጥ ነው። ተጫዋቹ ዝም ሲል፣ ታጋሿ እናት ውኃ ላፈሰሰ ልጅ ስትጮኽ፣ አንድን መስመር ሦስቴ አንብበው ሳይገባዎት ሲቀር፣ የምግብ ፍላጎት ሲዘጋ ወይም ያለ ልክ ሲከፈት። ይህን ከእርስዎ በፊት የሚያየው አብሮዎት የሚኖር ሰው ነው። «ሰሞኑን እንዴት ነኝ?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱ ካናደደዎት ንዴቱም አንድ መልስ ነው።

ቡናውንም አይርሱ። ድካም ለማባረር ከቀትር በኋላ የሚደጋገመው ስኒ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ስለዚህ ለጥቂት ቀናት ቀንሰው ልዩነቱን ይዩት።

የሚያስጨንቀው ሥራ አልቆም እንቅልፍዎ ካልተመለሰ፣ ከቤተሰብዎ ጋር መሆንም ካልቀለለዎት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የደረት ሕመም ከተሰማዎት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት ግን ለነገ አያሳድሩት፤ ለሚቀርብዎት ሰው ነግረው ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይድረሱ።