የድረ ገጽን ሸክም ማን ይሸከም? የፍሮንትኤንድ አዳዲስ ለውጦችና የአማርኛ ተጠቃሚ

መግቢያ

ዛሪማ ከደባርቅ ተነሥተው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው ወደ አዲአርቃይ ሲያመሩ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። በዚያ የምትኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ የብሔራዊ ፈተና ውጤቷን በእጅ ስልኳ ልታይ ፈለገች እንበል። የምትሻው መረጃ ስሟና ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ነው። ገጹ ግን ይህንኑ ለማሳየት አስቀድሞ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎባይት ኮድ ሊያስወርዳት ይችላል። ይህ ጽሑፍ ሸክሙ ከየት እንደመጣና ፍሮንትኤንድ የሚባለው፣ ተጠቃሚው የሚያየውን የድረ ገጽ ክፍል የመሥራት ሙያ፣ እንዴት እያቀለለው እንደሆነ ያብራራል።

ሥራው ወደ ስልክ የተዛወረበት ዘመን

ፌስቡክ ሪአክት የተባለውን የጃቫስክሪፕት መሣሪያ በ2005 ዓ.ም. ለሕዝብ ክፍት ካደረገ ወዲህ፣ ገጽን በተጠቃሚው ብሮውዘር ውስጥ መገንባት እጅግ ተስፋፋ። በዚህ አሠራር ሰርቨሩ ባዶ ሊባል የሚችል ገጽ ከኮድ ጋር ይልካል። ስልኩ ኮዱን ያወርዳል፣ ያስኬዳል፣ መረጃውን ይጠይቃል፤ ገጹንም የሚገነባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ለሚውል መተግበሪያ አሠራሩ ይጠቅማል፤ አንድ ጊዜ ለሚታይ ውጤት ግን ትርፍ ድካም ነው። ርካሽ ስልክ ያንኑ ኮድ ለማስኬድ ከውድ ስልክ ብዙ እጥፍ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ችግሩ የኔትወርክ ብቻ አይደለም።

ወደ ሰርቨር መመለስ

የቅርብ ዓመታት አቅጣጫ ሥራውን ወደ ሰርቨር መመለስ ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. የወጣው ሪአክት 19 በሰርቨር ላይ ብቻ የሚሠሩ፣ ኮዳቸው ወደ ስልክ የማይላክ የገጽ ክፍሎችን በይፋ ይዟል። አስትሮ የተባለው መሣሪያ ደግሞ ገጹን በተራ ኤችቲኤምኤል ልኮ፣ ኮድ የሚጨምረው ተጠቃሚው ለሚነካቸው ክፍሎች ብቻ ነው።

መለኪያውም ተለውጧል። ጉግል ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ገጽ ለተጠቃሚ ንክኪ የሚሰጠውን ምላሽ በአዲስ መስፈርት ይመዝናል፤ ከ100 ጉብኝቶች በ75ቱ ምላሹ ከ200 ሚሊሰከንድ ካልበለጠ ገጹ «ጥሩ» ይባላል። ይሁን እንጂ የቀሩት 25 ጉብኝቶች የዛሪማዋን ተማሪ የመሰሉ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ገጹ ጨርሶ ያልተከፈተለት ሰው ደግሞ ከቆጠራው ውጭ ነው።

ለአማርኛ ልዩ የሆነው

በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ጽሑፉ ታምቆ ሲላክ ልዩነቱ በእጅጉ ስለሚጠብ፣ የበለጠ የሚከብደው ፎንቱ ነው፤ ፊደላችን በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅርጾች አሉትና። ሆኖም የአንድሮይድ ስልኮች የግእዝ ፎንት ይዘው ስለሚመጡ ሌላ መላክ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

የዘመን አቆጣጠራችንም እንዲሁ ነው። ዘመናዊ ብሮውዘሮች ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፍ ያውቃሉ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በፋየርፎክስ 139 የገባው ቴምፖራል ደግሞ በዚሁ አቆጣጠር ማስላትንም ያስችላል። ቀድሞ ለዚህ ተብሎ ይላክ የነበረው ተጨማሪ ኮድ ቀስ በቀስ አላስፈላጊ ይሆናል ማለት ነው።

ማጠቃለያ

የትኛውም የፍሮንትኤንድ ጥበብ የተቋረጠ ኔትወርክን አይተካም፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ቀላሉም ከባዱም ገጽ እኩል ሳይከፈት ቀርቷል። ኔትወርኩ ደክሞም ቢሆን ባለበት ጊዜ ግን ልዩነቱን የሚፈጥረው የሠሪው ምርጫ ነው። ስለዚህ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ገጽ ዋና ተግባሩን ያለ ጃቫስክሪፕት እንዲፈጽም ሆኖ ቢሠራ፣ ከመውጣቱ በፊትም በርካሽ ስልክና በዘገምተኛ ኔትወርክ ቢፈተሽ፣ የዛሪማዋ ተማሪ ውጤቷን ከአዲስ አበባዋ እኩል ባይሆን እንኳ በዚያው ሰዓት ልታይ ትችላለች።